ልጁ ሕመሙን ይወቅ ወይስ ይደበቅ? የጎንደር ክራችን ከነምላሾቹ

በጎንደር ልጆች የውይይት መድረካችን ላይ ሰሞኑን አንድ ክር፣ ማለትም ሰው በተራ የሚመልስበት ውይይት፣ ከፍቼ ነበር። ምላሹ በዛ፣ ሐሳቡም እዚህም እዚያም ሄደ። ከመሃል የገባ ሰው መጀመሪያውን ማግኘት ተቸግሯል። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የማንንም ስም አልጠቅስም፤ የታመሙ ልጆች ጉዳይ ነውና።

መክፈቻው

እኔ የሕፃናት ነርስ ነኝ። የጻፍኩት ይህን ነበር። ካንሰር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ብቻውን አይታመምም። እናት ሥራዋን ጥላ አጠገቡ ታድራለች። አባት ገንዘብ ፍለጋ ይሯሯጣል። ቤት የቀሩት ልጆች ጎረቤት ወይም አያት ዘንድ ይጣላሉ። እኛ ግን ካርድ የምናወጣው አልጋ ላይ ላለው ብቻ ነው። የልጁን መንፈስ ማበርታት ካሰብን ከቤተሰቡ እንጀምር፤ ሕመሙን ከልጁ መደበቅም እናቁም አልኩ። ከዚያ ጠየቅሁ፦ እናንተ ቤት እንዴት ሆነ? ነገራችሁት? ማን ነገረው?

1. የመጀመሪያዋ መላሽ ማራኪ የምትኖር እናት ናት። ልጇ የሰባት ዓመት ናት፤ የደም ካንሰር ይዟት ሕክምና ላይ ነች። ቤተሰቡ የደም ማነስ ነው ብሎ ነግሯታል። አንድ ማታ እናት ሻይ ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ፣ ልጅቷ ለአዲስ ገቢ ሕፃን ነገሩን ሁሉ እያስረዳች ደረሰችባት። የትኛው መድኃኒት ፀጉር እንደሚያረግፍ ታውቃለች። ቀዩ መድኃኒት በገባ ቀን ሽንት እንደሚቀላ፣ ያን አይታ እንዳትደነግጥ ትመክራለች። ጀርባ ላይ በሚወጋው መርፌ ጊዜ ጉልበትን ወደ አገጭ አስጠግቶ መተኛት እንደሚሻል ታሳያለች። ስለ ደም ማነስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እናቷን በር ላይ ስታያት ግን ወዲያው ወሬ ቀየረች። እናት የምትጠይቀው፣ ከዚህ በኋላ ከየት ልጀምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የእሷ ልጅ ብልህነት ብቻ አይደለም። አንዲት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ የደም ካንሰር ታማሚ ልጆችን በዋርድ ውስጥ እየተከታተለች ያየችውን እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትማለች። ማንም ሳይነግራቸው ሕመማቸው የት እንደደረሰ ያውቁ ነበር። ማወቃቸውንም ከወላጆቻቸው ይደብቁ ነበር፤ እንዳያስከፏቸው። ልጅ እናቱን ሊጠብቅ ብሎ ብቻውን የሚፈራ ከሆነ፣ ዝምታችን የጠቀመው ማንን ነው?

2. ሁለተኛው ምላሽ አጭር ምርቃት ነው። እግዚአብሔር ይማርልሽ የሚል።

3. ሦስተኛው በጨዋ ደንብ ተቃወመኝ። እህቴ እያለ ነው የጻፈው። አባቱ በጠና ታመው ሳለ ለእሳቸው እንኳ ሳይነገራቸው በሰላም እንዳረፉ አነሳ። ለትልቅ ሰው ያልተነገረ ነገር ለሕፃን እንዴት ይነገራል? ልጅ የሚኖረው በተስፋ ነው፤ ተስፋውን የምትቀሚው አንቺ ነሽ ማለት ነው የሚል ክርክር ነው። መደበቅ ባህላችን ነው፣ ባህላችንም ከጭካኔ አልመጣም አለ።

4. አራዳ ሰፈር የምትኖር አንዲት ትልቅ ሴት ለ3ኛው መለሰችለት። ከክሩ ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ይህ ነው። ባህላችን ነገር ለዘላለም አይደብቅም አለች። መርዶን አስታወሰችው። ሰው ሲሞትበት በስልክ ወይም መንገድ ላይ አይነገረውም። ቅርብ ዘመዶች አስቀድመው ይመክራሉ። በማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ማን አፍ እንደሚከፍት ይታወቃል፤ ማን አጠገቡ ሆኖ እንደሚደግፈው ይታወቃል። ከተነገረውም በኋላ ማንም ጥሎት አይሄድም። ስለዚህ እኛ ጎንደሬዎች ከባድ ነገር መናገር ከማንም አንማርም፤ እናውቅበታለን። ለልጅ ሲሆን ነው ዘዴውን የምንረሳው አለች። ልጁ ሕመሙን ከጠያቂ ሹክሹክታ፣ ከጽዳት ሠራተኛ ወይም ካርዱ ላይ ከተጻፈው ይሰማል። ያኔ አጠገቡ ማንም የለም።

5. አምስተኛው የሕክምና ተማሪ ነው። የ4ኛዋን ጨዋነት አመስግኖ በአንድ ነገር ግን አረማት፤ ትክክልም ነው። ካንሰር መርዶ አይደለም አለ። ሀብታም በሚባሉት አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከመቶ ከ80 በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከ30 በታች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው የልጆች ካንሰር ንቅናቄ ግብ እ.ኤ.አ. በ2030 በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 60 በመቶ እንዲድኑ ነው። ለልዩነቱ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሕክምናን አቋርጦ መሄድ ነው። በልጆች ላይ የሚበዛው የደም ካንሰር ሕክምና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለሙ ይመለሳል፣ ይሮጣል፣ ይበላል። የደም ማነስ ነው የተባለ ቤተሰብ ያኔ ዳነ ብሎ ወደ አገሩ ይሄዳል። ስለዚህ ለቤተሰብ በግልጽ መንገር ራሱ የሕክምናው አካል ነው ሲል ደመደመ።

6. ስድስተኛው ላይ ክሩ ሞቀ። ከኳራ በኩል የመጣ አባት ነው። ሥነ ልቦና የምትሉት ጥጋብ ነው አለ። በሬ ሸጦ መጥቷል። የማህበረሰብ ጤና መድን አለው፤ መድኃኒት ሲጠፋ ግን ከውጭ ግዛ ይባላል። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል። ቀጠሮ ሲያልፍ ይቆጡታል። ማታ የሚያድረው ኮሪደር ላይ ነው። ልጄን ምን ብዬ ላጽናናው፣ እኔን ማን አጽናንቶኝ? ብሎ ጨረሰ።

7. ሰባተኛው የእኔ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉት ራሱ ነው የኔ ጉዳይ አልኳቸው። ለአስታማሚ አባት ማደሪያ ማግኘት የሥነ ልቦና ድጋፍ ነው። ሕክምናው ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ የቱ ቀጠሮ ቢያልፍ እንደሚጎዳ፣ የቱ ሁለት ቀን ቢዘገይ ችግር እንደሌለው በወረቀት ጽፎ መስጠት የሥነ ልቦና ድጋፍ ነው። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ቤተሰቦችን በሦስት እርከን ያያሉ። ታች ያሉት ብዙዎቹ ናቸው፤ የሚፈልጉት ግልጽ መረጃ፣ ደግ ቃልና ማደሪያ ነው። መሃል ያሉት ተጨማሪ ክትትል ይሻሉ፤ ለምሳሌ ሌላ ልጅ ቀደም ሲል የሞተባቸው፣ ወይም እናት ብቻዋን የምታሳድግበት ቤት። ጫፍ ላይ ያሉት ጥቂቶች ናቸው የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚያስፈልጋቸው። እንቅልፍ ጨርሶ የከዳት፣ ምግብ የዘጋት፣ ልጇን ቀና ብላ ማየት ያቃታት እናት እዚያ ናት። ለሁሉም ሳይኮሎጂስት እንቅጠር አላልኩም። ለሁሉም የሚሆነውን ነርስም፣ ሐኪምም፣ ካርድ ክፍል ያለውም ሠራተኛ ሊሰጥ ይችላል።

አባትየው አልመለሱልኝም። ግን ሦስት ሰው ለብቻው ማደሪያ እንደሚያግዝ ጽፎልኛል።

8. ስምንተኛዋ አያት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እንደጻፈላቸው ተናግሯል። ስለ ጸበል ነው የጠየቁት። ልጁን ጸበል ይዘው ቢሄዱ መድኃኒቱ ይቆማል ወይ? ሐኪም ቤት ስለ ጸበል ቢያነሱ ይቆጡኛል ብለው ፈርተው እንደሚደብቁ ተናገሩ።

9. ዘጠነኛው እዚህ የማልደግመው ቃል ተጠቀመ። እንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት ነው ልጆቻችንን የጨረሰው የሚል ነው። የመድረኩ ኃላፊ ግማሹን አጥፍቶታል፤ ደግ አደረገ። አያት ፈርተው የሚደብቁት እኮ እንዲህ ያለ መልስ ስለሚጠብቃቸው ነው።

10. አሥረኛው ዲያቆን ነው፣ ለአያት በአክብሮት መለሰ። በአቡነ ጳውሎስ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል አስተምራለች፤ ሁለቱም ከአንድ አምላክ ናቸው። ማንም አባት መድኃኒት ጣሉ ቢላቸው እንዳይሰሙ መከራቸው። የታመመ ልጅ እንዲጾም አይገደድም፤ ንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ አለ።

11. አሥራ አንደኛው እኔ ነኝ፤ የጤናውን በኩል ጨመርኩ። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ፣ በሽታ የሚከላከልለት ነጭ የደም ሴሉ የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። በእነዚያ ቀናት ብዙ ሰው የሚጠመቅበት ቀዝቃዛ ውኃና ግፊያ ያሰጋል። ትኩሳት ከመጣ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ነው። ስለዚህ እማማ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ይምረጡ አልኩ። ጸበል የሚወስዱትን አያት የሚቆጣ ባለሙያ፣ ትኩሳቱን የሚነግሩትን አያት ያጣል።

12. አሥራ ሁለተኛዋ አዘዞ የምትኖር እናት፣ ሁሉ ነገር ካንሰር ብቻ ሆነ ብላ ቅር ተሰኘች። ልጇ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ኢንሱሊን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ፍሪጅ ስለሌላቸው እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ የሸክላ እንስራ ውስጥ ያስቀምጡታል። ከጎረቤት ይደብቃሉ፤ ነገ ማን ያገባታል ብለው። ልጅቷ አደገች ተብሎ መርፌውን ብቻዋን ትወጋለች። ሰሞኑን ግን አንዳንድ ቀን ሳትወጋ ተወጋሁ እንደምትል ደረሱባት። አባቷ ገረፋት።

በዚህ ላይ ሁለት መልስ ተሰጠ፤ 13ኛውና 14ኛው ናቸው። አንዱ የሚያጽናና ብቻ ነው። ሌላው ራሱ በስኳር ያደገ ወጣት ነው። እኔንም ያሰለቸኝ በዚያው ዕድሜ ነው አለ። ያዳነው እናቱ መርፌውን ቀምታ መልሳ መውጋቷ አልነበረም። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ አብረው የደም ስኳሩን ቁጥር ማየታቸው ነው፤ ሲበዛ ማንም አይቆጣም፣ ምን በላን ብለው ብቻ ይነጋገራሉ። ቁጥር ከፍ ሲል የሚቆጣ ቤት ልጁን ቁጥር መዋሸት ያስተምረዋል አለ። የስኳር ሕክምና ባለሙያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ጎረምሳው መርፌውን ይያዝ፣ ቤተሰቡ ግን ከኋላው አይለቅ።

15. ይህን በጣም ቀስ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። የጻፈው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድ ልጅ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሲታመም እሱ አሥር ዓመቱ ነበር። ወላጆቹ ታማሚውን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ወራት ቆዩ። እሱ ቆላድባ አክስቱ ዘንድ ተላከ። ማንም ምንም አልነገረውም። ሕመሙ ከመታወቁ ጥቂት ቀን በፊት በኳስ ተጣልተው ወንድሙን ሆዱ ላይ በእርግጫ መትቶት ነበር። ወንድሙ ሆዱ ላይ ነው የታመመው። ያን ሁሉ ወር እኔ ነኝ የገደልኩት እያለ ተኛ። አክስቱ ስለማይበላ ናፍቆት ነው አለች። መምህሩ ሰነፍ አለው። ወንድሙ ድኖ ተመለሰ፤ ዛሬ ጤነኛ ነው። እሱ ግን ስለዚያ እርግጫ ለሰው የተናገረው በዚህ ክር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከሰባት ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ሕመም የቅጣት ወይም የጥፋት ውጤት ነው ብሎ ያስባል። ትልልቆቹም ከዚህ ሐሳብ አያመልጡም፤ ይኸው የአሥር ዓመቱ። ስለዚህ ቤት ለቀረው ልጅ መነገር ያለበት የመጀመሪያው ነገር፣ አንተ ያደረግኸው ነገር አላመጣውም፣ ስላሰብከውም አልመጣም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አንተን አይዝህም። ሦስተኛው፣ ማታ ማን እንደሚያበላው፣ ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው። ይህን ለመንገር ዲግሪ አያስፈልግም። አክስት ትችላለች፣ ለአክስት ከተነገራት።

16. አንድ ሰው ቆላድባ ሲጠራ አገሩ ትዝ ብሎት ስለዚያ ገበያ ጻፈ። ሌላው የፋሲል ከነማን ውጤት ጠየቀ። ከአዘዞ ፒያሳ የባጃጅ ዋጋ ጨመረ የሚል እሮሮም ገባ። ይህ ሁሉ በ16ኛው ስር ነው፤ አልፈዋለሁ። የባጃጁ ዋጋ ግን ከጉዳያችን ውጭ አይደለም፤ ለቀጠሮ የሚመጣ ሰው በየጊዜው ይከፍለዋል።

17. አሥራ ሰባተኛዋ ሌላ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ስለ መርፌ ጻፈች። ልጅን አልጋ ላይ አጋድሞ ለአራት መያዝ ይቁም አለች። እናት ወንበር ላይ ትቀመጥ። ልጁ ጭኗ ላይ፣ ደረቱ ደረቷ ላይ ሆኖ ይታቀፍ፤ አንድ እጁ ብቻ ለነርሷ ይዘርጋ። ሌላ ሰው ከእናት ትከሻ በላይ ስልክ ወይም ሥዕል ያሳየው፤ ወይም ሻማ እንደሚያጠፋ እፍ ይበል። አያምም ማለት ክልክል ነው። ያማል፣ ግን እስከ አሥር ስንቆጥር ያልቃል፣ እኔም አልለቅህም ይባል። አንዴ አያምም ተብሎ የተወጋ ልጅ ቀጣዩን ነጭ ጋዋን ሲያይ ከበር ይጮኻል። ይህን የምታደርገው በየቀኑ ነው፤ ቁሳቁስ አያስፈልገውም፤ አንድ ወንበር ነው።

18. አሥራ ስምንተኛዋ አባቶች ላይ መጣች፣ ከረር ባለ ቃል። ልጁ ሲታመም አባቱ መንገድ ያበዛል፣ በመጨረሻም የሚታየው በስልክ ብቻ ነው አለች። እሷ ብቻዋን ሦስት ልጅ ታሳድጋለች፤ አንዱ የልብ ሕመምተኛ ነው፣ በየወሩ ፔኒሲሊን ይወጋል።

19. አንድ አባት ተቆጥቶ መለሰ። ዋርድ ስገባ ለአስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ተብዬ ዘበኛው በር ላይ ይመልሰኛል፣ ሐኪሙም የሚያወራው ከእናት ጋር ነው፤ ከዚያ ሸሸ ትሉናላችሁ አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሸሽቶ የሄደ አባት አለ። የተገፋም አለ። ሐኪም ስለ ሕክምናው የሚያስረዳበትን ቀን አባትም እንዲገኝ አድርጎ ቢቀጥር፣ ከሁለተኛው ዓይነት ብዙ እናተርፋለን።

20. ሃያኛው ጡረታ የወጡ የጤና መኮንን ናቸው። ነገሩ አዲስ አይደለም አሉ። በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው በጨረሰ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ ጎንደር የጤና ኮሌጁ ሲከፈት፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) በአንድ ቡድን እንዲሠሩ ሆነው ነው የሠለጠኑት። ሥራው ከቤት ይጀምር ነበር። ነርሷ ማጀት ገብታ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ማን እንደማይበላ ታይ ነበር። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ከሆስፒታል የተመለሰ ልጅ ቤት ቢላኩ ምን ይከለክላል? ብለው ጠየቁ። እኔም መልስ አላገኘሁለትም።

21. ሃያ አንደኛዋ ሁላችንም የፈራነውን ጠየቀች። የማይድን ከሆነስ? ከልጁ ጋር ስለ ሞት ይወራል? ማን እንደሆነች አልገለጸችም። ሁለት ቀን ማንም አልመለሰላትም። ከዚያ አንድ የሥነ ልቦና ተመራቂ፣ በጥንቃቄ፣ ስለ አንድ የስዊድን ጥናት ጻፈ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ የተጠየቁት ልጃቸው በካንሰር የሞተባቸው ወላጆች ናቸው። ከልጃቸው ጋር ስለ ሞት ካወሩት 147 ወላጆች መካከል አንድም የተጸጸተ አልነበረም። ካላወሩት 258 መካከል ግን 69ኙ ተጸጽተዋል። ይህ አስገድዳችሁ አውሩ ማለት አይደለም፤ ካላወሩትም ብዙዎቹ አልተጸጸቱም። ልጁ ራሱ በር ሲከፍት ግን አትዝጉበት ማለት ነው። አያቴ የት ነው የሄደችው ብሎ ቢጠይቅ፣ ዝም በል አትበሉት። በሃይማኖታችሁ የምታምኑትን ንገሩት፤ ብቻውን እንደማይሆንም ንገሩት። ለእሷ በግል ጽፌላታለሁ።

22. የመጨረሻው፣ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የያዘው የአራት ዓመት ልጅ አባት ነው። ልጁ ሕክምና ከጀመረ ወዲህ ባህሪው ተበላሸ አለ። ሌሊት ተነስቶ እንጀራ ይላል፣ ካልተሰጠው ሳህን ይወረውራል፣ እናቱን ይነክሳል። ዘመድ ሁሉ አሞላቃችሁት ይላቸዋል። ስለ ሕመሙስ ለአራት ዓመት ልጅ ምን ብዬ ልንገር? ብሎ ጠየቀ።

ይህን የመለስኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የመድኃኒቱን ስም ጠየቅሁት፤ ፕሬድኒሶሎን ነው። ይህ መድኃኒት ረሃብና ንዴት ያመጣል፤ ልጁ አልተበላሸም፣ እናንተም አላሞላቃችሁትም። መድኃኒቱ ሲቆም በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። እስከዚያ ማታ ከመተኛቱ በፊት አብሉት፣ አልጋው አጠገብ የተከደነ ቂጣ ይደር። መንከስ ግን አይፈቀድ፤ የታመመ ልጅም ወሰን ሲኖረው ነው የሚረጋጋው። ስለ ሕመሙ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ደምህ ታሟል፣ ስሙ ሉኪሚያ ይባላል፣ መድኃኒቱ የሚያድንህ ነው። እናትና አባት አንድ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ጠያቂ በሌለበት ሰዓት ንገሩት። ነገ ደግሞ ያንኑ ይጠይቃችኋል፤ ያንኑ መልሱለት። ለዘመዶች የሚነበብ አንድ ገጽ ስለ መድኃኒቱ ጽፌ ልኬለታለሁ፤ የፈለገ ይጠይቀኝ፣ ለእሱም እልካለሁ።